ፎርፌ ማሸነፍ ነው ወይ

ልጄ በአፍሪካው ውድድር ላይ ማንንም አላሸነፈም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ሌላ ሌላ ነገር ሲወራ ከርሟል። ውድድሩ የአፍሪካ አገሮች ሯጩንም፣ ቦክሰኛውንም፣ ዋናተኛውንም ይዘው አንድ ከተማ የሚሰበሰቡበት ነው። የእኛ ሰው ከዚያ ሁሉ የሚከታተለው ሩጫውን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ግን በብሔራዊው የሜዳ ቴኒስ ቡድን ውስጥ አንድ የከሚሴ ልጅ ነበረ፤ እሱም የእኔ ልጅ ነው። በነጠላ ገብቶ ተሸነፈ። ከጓደኛው ጋር በጥንድ ሲገባ ተጋጣሚዎቻቸው ሳይመጡ ቀሩና በፎርፌ አለፉ። በሩብ ፍጻሜው ደግሞ ተሸነፉ። በቃ ይኸው ነው። ከቡድኑ በገዛ እጇ አንድ ግጥሚያ ያሸነፈች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም በሁለተኛው ወደቀች።

ውጤቱን ስልኬ ላይ ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። በልጅነቴ የሚያስተምረኝ ቀርቶ ተማር የሚለኝ ሰው አልነበረም። ማንበብ ስችል ትልቅ ነገር የሚገለጥልኝ መስሎኝ ነበር። የተገለጠልኝ የሚከራይ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያና እዚህ መሽናት ክልክል ነው የሚል ግድግዳ ነው። ከዚያ ደግሞ የልጄ ሽንፈት።

እኔ የከብት ነጋዴ ነኝ። ሰንበቴ ገበያ ከአፋር ነጋዴዎች ወይፈን እገዛለሁ፣ ጨፋ ሜዳ ሣር ላይ አቆየዋለሁ፣ ሥጋ ሲይዝ ከሚሴ እሸጠዋለሁ። አባቴም ይህንኑ ነው ሲሠራ የኖረው። የአፋር ነጋዴ የማያውቀውን ሰው አያምንም። እኔን የሚያምነኝ አባቴን ስለሚያውቅ ነው። ልጄንም የሚያምነው እኔ በሕይወት ሳለሁ ከጎኔ ቆሞ ካየው ብቻ ነው። ከሞትኩ በኋላ መጥቶ የእገሌ ልጅ ነኝ ቢል ከብቱን አያሳዩትም። ሴቶቹ ልጆቼ ተድረው ሄደዋል። ወገቤም ከከዳኝ ቆይቷል፤ ከጭነት መኪና ላይ ከብት ማውረድ ካቆምኩ ሰነበትኩ። እንግዲህ የምፈልገው ምን እንደነበረ ግልጽ ነው።

ልጁ ወደ ቴኒስ የገባው በእኔ ምክር አይደለም። የእናቱ ወንድም አዲስ አበባ አንድ ክበብ ውስጥ የቴኒስ ሜዳ ያጠጣል፣ ይጠርጋል፣ መስመር ያሰምራል። ልጁ እዚያ ሄዶ ይማር ተባለና ሄደ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለሀብታሞቹ ኳስ ይለቅም ጀመር። ሀብታሞቹ ሲደክማቸው እሱ ይመታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከእነሱ በለጠ፤ መብለጡ የሚገርም አይደለም፣ እነሱ ለጤናቸው ነው የሚጫወቱት። ልጅህ የት ደረሰ ሲሉኝ ቴኒስ ይጫወታል እላለሁ። ጠረጴዛዋን ነው ይሉኛል። ሜዳ ላይ ነው ስላቸው በአዘኔታ ያዩኛል፤ ጠረጴዛ የሌለው ቴኒስ የባሰ ድህነት ይመስላቸዋል።

ወደ ውድድሩ ከመሄዱ በፊት ለአረፋ መጣ። የበዓሉ ዕለት አንድ ሽማግሌ ቤታችን ነበሩ። ከከተማው ዳር፣ ፊቱ ወደ ጨፋ የዞረ ቤት ያላቸው ሼኽ ናቸው። ሰው ለዱዓም ለእርቅም ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ የድንበር ጠብ ይዳኛሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ ዝናብ ሲቀር ያስለምናሉ። አገሩ ዱዓቸው ትደርሳለች ይላል። እሳቸውም አይደርስም አይሉም።

ልጁ በኩራት ስለ ቡድኑ ሲያወራ አቋረጥኩት። በሼኹ ፊት እንዲህ አልኩት፦

«አንድ ሰው አሸንፈህ ና። አንድ። ካሸነፍክ ስለዚህ ቴኒስ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ እንደፈለግክ ኑር። ካላሸነፍክ ግን ዕቃህን ጠቅልለህ መጥተህ ከእኔ ጋር ሰንበቴ ትሄዳለህ።»

«ቃልህ ነው፣ አባ?»

«ቃሌ ነው።»

ሼኹ የዶቃ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቁመው ሰምቻለሁ አሉ። በእኛ ዘንድ እሳቸው ሰምቻለሁ ካሉ ያ ነገር ተጽፎ እንደተፈረመበት ነው። ልጁም ተስማማ። አንድ ሰው ማሸነፍ ቀላል መስሎት ነበር።

ቡድኑ በአውሮፕላን ሄደ። የነጠላው ግጥሚያ ደረሰ። የገጠመው ከሰሜን አፍሪካ የመጣ፣ ገና በልጅነቱ አሠልጣኝ ተቀጥሮለት ያደገ ሰው ነው። ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለሁለት። ልጁ ለእናቱ ደውሎ ነገራት፤ እኔን አቅርቢልኝ አላለም። ደስ አለኝ። አልደብቅም። ሰው በልጁ ሽንፈት ደስ አይለውም የሚል ካለ ልጁ ያልከዳው ነው።

ሚስቴ ግን ዝም አላለችም። የነጠላው ካለፈ አለፈ፣ የጥንዱ አለ፣ ዱዓ ይያዝ አለች። ለዱዓው የሚቃመውን ጫት ገዛሁ፤ ተሰብስበን ሼኹ ቤት ሄድን። እሳቸው ዘንድ አንድ ደንብ አለ። የሐጃው ባለቤት፣ ልመና ያለው ሰው፣ የሚፈልገውን በገዛ አፉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ካልተናገረ አይጀምሩም። ሆድ ውስጥ ያለውን አላህ ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም ይላሉ። ሚስቴ ሴቶች ከሚቀመጡበት መጋረጃ ወዲያ ሆና ልጄ በጥንዱ እንዲያሸንፍ ነው አለች። ሼኹ እጃቸውን ዘረጉ። ብዙ ከለመኑ በኋላ፣ ያ ረቢ ከፊቱ የቆመውን አንሳለት አሉ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ። ዱዓ ላይ ተቀምጦ አሚን አለማለት አይቻልም፤ ቢቻል ኖሮ አልልም ነበር።

በማግስቱ ስልኬን ከፈትኩ። የስፖርቱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ በወንዶች ጥንድ ኢትዮጵያ በፎርፌ አሸንፋ ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፈች። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ደግሜ አነበብኩት። ፎርፌ ምን እንደሆነ ከእግር ኳስ አውቃለሁ፤ ያልመጣ ቡድን የሚሸነፍበት ነው። ማታ ልጁ ለእናቱ ሲደውል ነገሩ ተጣራ። ከተጋጣሚዎቹ አንደኛው ሆዱን ታሞ ከአልጋ መነሳት አቅቶታል፤ ጥንድ ደግሞ ለብቻ አይጫወቱትም።

ሚስቴ ይህን ለጎረቤት ተናገረች። ከዚያ በኋላ ከተማው አበደ። ከፊቱ የቆመውን አንሳለት ብለው ነበር፣ ይኸው ተነሳ ተባለ። ገበያ ላይ፣ መስጊድ ደጅ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወሬው ይኸው ሆነ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር መንገድ ላይ አቆመኝና እየሳቀ፣ «አያ፣ ሼኻችን ከዚህ ተቀምጠው የባሕር ማዶውን ሰው ሆዱን ያዙት እኮ! ለእኛም የሠፈር ቡድን አንድ ዱዓ ይያዙልን። ሁሉም እንዲታመም አይደለም፣ በረኛቸው ብቻ ይበቃናል» አለኝ። የጨፋ ገበሬዎች፣ የሰንበቴ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሐጃ ይዘው ሼኹ ቤት ይመላለሱ ጀመር። ደጃቸው ላይ የሚያርፈው ጫማ በዛ። ሼኹ አዎ እኔ ነኝ አላሉም፤ አይደለሁምም አላሉም። ፈገግ ይሉና ረቢ ያውቃል ይላሉ። እንዲህ ያለ ፈገግታ የሰባ ወይፈን የያዘ ሻጭ ፊት ላይ አይቻለሁ።

በሩብ ፍጻሜው ስድስት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ ተቀጠቀጡ። ይህም ቢሆን ወሬውን አላበረደውም። ሁለተኛ ዱዓ ስላልተያዘ ነው ተባለ። ያልተያዘውም እኔ ጫት መግዛት ሰስቼ ነው ተባለ። ይህን ያሉት ሰዎች የመጀመሪያውን ጫት ቅመው የሄዱ ናቸው።

ልጁ ከሚሴ የመጣው ቡድኑ ከተመለሰ ሳይቆይ ነው። ቁመቱ የእኔ፣ ፊቱ የእናቱ ነው። አካም ጀርታ እያሉ የሚጨብጡት ሰዎች ስለ ፎርፌው እያነሱ ይስቁ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ቤት እንደገባ ዕቃህን ይዘሃል ወይ አልኩት። አልያዝኩም አለኝ። ለምን ስለው፣ አልፌያለሁ አባ፣ አለኝ። አንድ ቀርቶ ግማሽ ሰው አላሸነፍክም አልኩት። እናቱ መሐላችን ገባች። ቃሉን የሰሙት ሼኹ ናቸውና እሳቸው ይፍረዱ አለች። እኔም እሺ አልኩ። የምሸነፍ አልመሰለኝም።

ሼኹ ቤት ተሰበሰብን። ጎረቤቶች ነበሩ፣ ዱዓው ላይ የነበሩትም ነበሩ፤ ሚስቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠች። ሼኹ በመጀመሪያ እኔን አናገሩኝ። ቃሌን እንደነበረ ተናገርኩ። አንድ ሰው አሸንፈህ ና ነው ያልኩት፤ አሸንፎት የመጣው ሰው የታለ፣ ያሳየኝ አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ለማሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። አሸንፌያለሁ ትላለህ ወይ አሉት። ልጁም፦

«ለብሼ ራኬቴን ይዤ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ጠበቀ፣ እናንተ አልፋችኋል አለን። ደስ አላለኝም፤ መጫወት ነበር የፈለግኩት። ግን እኔ አልቀረሁም። የቀሩት እነሱ ናቸው» አለ።

ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሸንጎ ተቀምጠናል አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፤ ቀጠሮ ተይዞ አንዱ ሲመጣ ሌላው ከቀረ የምንፈርደው በማን ላይ ነው? በቀረው ላይ፣ አሉ ሽማግሌዎቹ። የቀረው ታሞ ቢሆንስ? ታምሜያለሁ ብሎ ሰው ልኮ ቀጠሮ ካላስለወጠ ያው ነው፣ ይፈረድበታል አሉ። ቴኒሱ ቀጠሮ ይለውጣል ወይ ብለው ልጁን ጠየቁት። አይለውጥም አለ። እንግዲያማ ልጁ ረትቷል አሉ።

ይህ ደንባችን ነው። እኔም ብዙ ጊዜ በዚሁ ደንብ ረትቼበታለሁ። አንድ ጊዜ ወይፈን ሸጦልኝ የካደ ሰው በቀጠሮው ቀን ስለቀረ ወይፈኑ ለእኔ ተፈርዶልኛል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ለምን ቀረ ብዬ አልጠየቅኩም። ስለዚህ በዚያ በኩል መከራከሪያ እንደሌለኝ ገባኝ። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መስሎት ሲንቀሳቀስ በሌላ በኩል መጣሁ።

«ሼኻችን» አልኩ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ልጅ ሆዱን ያመመው በዱዓዎ ነው ወይስ በራሱ?»

መልስ ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«አገሩ በዱዓዎ ነው ይላል። አንቱም አይደለም ሲሉ አልሰማሁም። በዱዓዎ ከሆነ ያሸነፉት አንቱ ነዎት፤ ልጄ ምንም አላደረገም፣ ዕቃውን ይጠቅልል። ልጄ ነው ያሸነፈው ካሉኝ ደግሞ ዱዓው የለበትም ማለት ነው። አንዱን ይበሉኝ። ሁለቱንም አይበሉኝ።»

አንድ ጎረቤቴ እንዲህ አይባልም ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እጁን አነሳሁት። የሠራሁትን አውቃለሁ። እዚያ ቤት በየቀኑ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዚያች ዱዓ ብሎ ነው። ጠዋት እንኳ ደጃፉ ላይ ከሰንበቴ የመጡ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ለአንድ ኳስ መቺ ልጅ ሲሉ አይለቁትም ብዬ ነው። ከብት ስገዛ ሻጩ የማይለቀውን ነገር አውቄ ነው ዋጋ የምጠራው።

ሼኹ ሙስበሃውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ልጁን አዩት፤ ከዚያ መጋረጃውን አዩ። ሚስቴ ስታለቅስ ይሰማል። ቀስ ብለው፣ ሁሉም እየሰማ ተናገሩ፦

«እኔ ከፊቱ የቆመውን አንሳለት ስል ያሰብኩት መንገዱን ነው። አውሮፕላኑን፣ ባሕሩን። በሰላም ይድረስ ብዬ ነው። የሰው እናት የወለደችው ልጅ ይታመም ብዬ እጄን አልዘረጋም። ያ ልጅ የታመመው በእኔ ዱዓ ነው የሚል ሰው፣ ሰውን አሳመመ ብሎ ያማኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ አይበል። የእኔ የለበትም። ዱጋው ይኸው ነው፣ እውነቱ ይኸው ነው። ልጁ በቀጠሮው ተገኝቷል፣ ባላንጣው ቀርቷል። የረታው እሱ ነው።»

እኔ የሼኹን ፊት አየሁ። ዱዓው የተያዘው ልጁ እዚያ ደርሶ፣ በነጠላው ተጫውቶ፣ ተሸንፎ ካበቃ በኋላ ነው። በሰላም ይድረስ የሚባልበት አውሮፕላን አልነበረም። ሐጃውም በገዛ ሚስቴ አፍ ተነግሯል፤ በጥንዱ እንዲያሸንፍ ነው ያለችው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ዱዓው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ሼኹ ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አላነሱም። ተናገር የሚሉኝ ይመስል ነበር።

በዕድሜዬ ያየሁትን ነገር ሳልናገር የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰዎችም የሚጠሉኝ በዚህ ነው። ያን ጊዜ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። አንድ ሰው አገሩ ሁሉ የሰጠውን ክብር አውጥቶ መሬት ላይ ጥሎታል፤ ውሸት ነው ብል ያ ክብር ተመልሶ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው፣ ልጄ ደግሞ ወደ እኔ። ያን ማድረግ እችል ነበር። ሁለታችንም የፈለግነውን እናገኝ ነበር።

«ተረትቻለሁ» አልኩ።

ሼኹ ዱዓ አድርገው ሸንጎውን ዘጉ። አጭር ነበረች። ወጥተን ስንሄድ ደጃፉ ላይ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሰዎች ገሚሶቹ የተባለውን ሰምተው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

ልጁ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እስከ መናኸሪያው አብሬው ሄድኩ። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ የሚያመሰግነኝ ነገርም አላደረግኩለትም። ቦርሳውን አቀብዬው ተመለስኩ።

ሼኹ ቤት የሚመላለሰው ሰው ቀነሰ። ጨርሶ አልቀረም፤ ለድንበርና ለባልና ሚስት ጠብ ዛሬም ወደ እሳቸው ይሄዳሉ። ለዱዓ የሚሄደው ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ክብራቸው በራሳቸው አፍ ወደቀ ይላል ሰው፤ የሚሳለቅም አለ። የሠፈሩ የእግር ኳስ ቡድን ልጆች ብቻ ተስፋ አልቆረጡም፣ ለበረኛው ጉዳይ ሄደው ነበር አሉ። ሼኹ በከዘራ አባረሯቸው። እኔ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም እላቸዋለሁ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እውነቱን ለመናገር አኩርፌያቸዋለሁ። ሰው ቃሉን ይዞ ሲመጣ በቃሉ መርታት አንድ ነገር ነው። እሳቸው ግን በራሳቸው ኪሳራ ነው የረቱኝ።

ሰንበቴ አሁንም ብቻዬን እሄዳለሁ። አንድ የድሮ የአፋር ወዳጄ ልጅህ መቼ ነው የሚመጣው አለኝ። አይመጣም አልኩት። ታዲያ ከአንተ በኋላ ከማን ጋር ነው የምንገበያየው አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። እሱም ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፤ ግን ወይፈን ሲያሳየኝ የሚያየኝ ሊዘጋ እንደ ተቃረበ ሱቅ ነው።

ልጁ በሳምንት በሳምንቱ ይደውላል። እናቱን ያናግርና አባን ስጪኝ ይላል። ጨፋ ዘነበ ወይ ይለኛል። ዘንቧል እላለሁ። ወገብህስ ይለኛል። ያው ነው እላለሁ። ስለ ቴኒስ አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብያለሁ፤ ቃሌ ደግሞ አልናገርም ነው እንጂ አልሰድብም ብቻ አይደለም። እንዴት ነህ፣ በርታ ማለትም መክፈት ነው። ይህን ቃል የሰጠሁ ዕለት እንዲህ እንደሚያስር አላሰብኩም ነበር።

በቅርቡ ቡድኑ ጎረቤት አገር ሄዶ ነበር። ልጁ በጥንድ ገባ። ማታ ደወለና ስለ ማሳችን ማሽላ ጠየቀኝ፤ ማሽላው ደህና ነው አልኩት፣ ዘጋን። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ የስፖርቱን ገጽ ከፈትኩ። ስድስት ለአራት፣ ሰባት ለአምስት ይላል፤ ተሸንፈዋል። መቼም ባለፈው ስድስት ለባዶ ነበር። ሁለቱ ልጆች ሰው ገጥመው እስከ መጨረሻው ተናንቀዋል ማለት ነው። ሚስቴ ምን ይላል አለችኝ። ልጅሽን ራስሽ ጠይቂው አልኳትና ስልኩን ሰጠኋት።